ከሕዝብ ስልክ ተነስቶ በኢንተርኔት ለሚሻገር ጥሪ ማን ይክፈል? የአማራጮች ንጽጽር

አንድ ሰው ከመንገድ ዳር የሕዝብ ስልክ ቀፎ ያነሳል። ሳንቲም አይጥልም። ከሱቅ በገዛው የስልክ ካርድ ጀርባ የተጻፈውን ነጻ የመግቢያ ቁጥር ይደውላል፣ ካርዱን ፍቆ ያገኘውን የምሥጢር ቁጥር ያስገባል፣ ከዚያም የአዲስ አበባን ቁጥር ያስከትላል። ጥሪው በመዳብ ሽቦ እስከ አካባቢው ማዞሪያ ይሄዳል፤ ከማዞሪያው የረጅም ርቀት ኩባንያ ተቀብሎ ለካርዱ ድርጅት ያደርሰዋል፤ እዚያም ድምፁ ወደ ዳታ ተለውጦ በኢንተርኔት ባሕር ይሻገርና ዘመድ ቤት ያለው ስልክ ያቃጭላል። በዚህ ጉዞ ላይ ካርዱን የሸጠው፣ ጥሪውን ያስተላለፈው እና መጨረሻ ላይ የተቀበለው ሁሉ የየድርሻቸውን ያገኛሉ። ስልኩን ያቆመው፣ ቀፎው ሲሰበር የሚጠግነው፣ ለቦታው ኪራይ የሚከፍለው ባለቤት ግን አንድ ሰው እንዲከፍለው ካልተገደደ በቀር ከጥሪው ቤሳ ቤስቲን አይደርሰውም።

ለዚህ ባለቤት ማን፣ ስንት፣ በምን ማስረጃ ይክፈለው የሚለው ጥያቄ ሲሰሙት ቀላል ይመስላል። በአሜሪካ ግን የቴሌኮም ተቆጣጣሪውን የፌዴራል ኮሙኒኬሽንስ ኮሚሽንንና ፍርድ ቤቶችን ለዓመታት ሲያመላልስ ኖሯል፤ ጥሪዎች ወደ ኢንተርኔት መሻገር ሲጀምሩ ደግሞ ሌላ ቋጠሮ ተጨመረበት። ይህ መመሪያ አማራጮቹን ጎን ለጎን አስቀምጦ እያንዳንዱ የት እንደሠራና የት እንደተሰናከለ ያሳያል። የተዘጋጀው የቴሌኮም ደንብ ለሚያረቅቁ፣ ሕጉን ለሚያጠኑ እና በጉዳዩ ላይ አስተያየት ለሚጠየቁ አንባቢዎች ነው። የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ክፍያው ለምን በደንብ ተወሰነ

በተራ ንግድ ሻጭ ሳይከፈለው ዕቃውን አያስረክብም። የሕዝብ ስልክ ባለቤት ግን ይህን መብት በሕግ ተነጥቋል። በ1990 በአሜሪካ የወጣው የኦፕሬተር አገልግሎት ተጠቃሚዎችን የሚጠብቅ ሕግ፣ ጠሪው የፈለገውን ኩባንያ በመግቢያ ቁጥር መርጦ እንዲጠቀም ሲባል፣ ባለቤቱ እነዚህን ቁጥሮች እንዳይዘጋ ከልክሏል። ክልከላው ተገቢ ነበር፤ ከዚያ በፊት አንዳንድ ስልኮች ጠሪውን ከአንድ ውድ ኩባንያ ጋር አስረው ይይዙት ነበርና። ነገር ግን ባለቤቱ «ካልከፈልከኝ አላሳልፍህም» ማለት ካልቻለ በዋጋ የሚደራደርበት ምንም መያዣ የለውም። ደንብ ያስፈለገው በዚህ ምክንያት ነው፤ ይህን መነሻ የዘነጋ ሰው «ገበያው ራሱ ይፍታው» ወደሚል ድምዳሜ በቀላሉ ይንሸራተታል።

ኮሚሽኑ በ1992 ለግል ባለቤቶች በአንድ ስልክ በወር 6 ዶላር እንዲከፈል ወሰነ። ቀጥሎ የ1996ቱ የቴሌኮሙኒኬሽን ሕግ በአንቀጽ 276 የሕዝብ ስልክ አቅራቢዎች ከስልኮቻቸው ለሚደረግ ለእያንዳንዱ የተሳካ ጥሪ፣ በአንድ ክፍለ ግዛት ውስጥም ሆነ በክፍለ ግዛቶች መካከል፣ ፍትሐዊ ክፍያ እንዲያገኙ አዘዘ። ከዚህ ነጻ የተደረጉት የድንገተኛ አደጋ ጥሪዎችና መስማት ለተሳናቸው ሰዎች በአገናኝ በኩል የሚደረጉ ጥሪዎች ናቸው። የሕጉ ቃል ጥሪው በምን ዓይነት መስመር እንደሚሻገር አይለይም፤ ይህ ነጥብ ወደ ኢንተርኔት ስንደርስ ትልቅ ክብደት ይኖረዋል።

የክፍያው መጠን ታሪክ ራሱ ትምህርት አለው። ኮሚሽኑ በ1996 በአንድ ጥሪ 35 ሳንቲም ብሎ ጀመረ፤ ፍርድ ቤት በ1997 ምክንያቱ በቂ አይደለም ብሎ መለሰበት። በዚያው ዓመት 28.4 ሳንቲም አለ፤ በ1998 ይህም እንደገና ተመለሰ። በ1999 የወሰነው 24 ሳንቲም በ2000 በፍርድ ቤት ጸና። ከዚያ በ2004 መጠኑ ወደ 49.4 ሳንቲም ወጣ። በአምስት ዓመት ውስጥ ከእጥፍ በላይ መጨመሩ የሚያስገርም ቢመስልም ስሌቱን ያየ ሰው ምክንያቱን ያገኘዋል። የሕዝብ ስልክ ወጪ፣ ማለትም መሣሪያው፣ መስመሩ፣ ጥገናው እና የቦታው ኪራይ፣ ሰው ደወለም አልደወለም ያው ነው። ተንቀሳቃሽ ስልክ ሲስፋፋ ጥሪው ቀነሰ፤ ያው ወጪ ለጥቂት ጥሪዎች ሲካፈል የአንዱ ጥሪ ድርሻ አበጠ። ስለዚህ በአንድ ወቅት የተቆረጠ ዋጋ እንደ ሐውልት ሊቆም አይችልም፤ የትኛውም አማራጭ ሲመረጥ መጠኑ በየስንት ጊዜው እንደሚታይ አብሮ መጻፍ አለበት።

ጠሪው ራሱ ይክፈል የሚለው

የመጀመሪያው አማራጭ ጠሪው ነጻ ቁጥር ለመደወልም ሳንቲም እንዲጥል ማድረግ ነው። ለባለቤቱ ከዚህ የተሻለ የለም፤ ገንዘቡ እጁ ላይ ነው፣ የሚከታተለው ወረቀት የለም፣ ጥሪው በኢንተርኔት ይሻገር በሳተላይት ግድ አይሰጠውም። የ1990ው ሕግ ግን ኮሚሽኑን ሲያዝ ጠሪው አስቀድሞ ከሚከፍለው ውጪ የሆነ መንገድ እንዲፈልግ ነበር፤ በ1996ም ኮሚሽኑ ክፍያውን በኩባንያዎች ላይ አደረገ። እኔም ውሳኔውን እደግፋለሁ፤ ምክንያቱም ነጻ ቁጥር ከሚደውሉት ብዙዎቹ እጃቸው ላይ ሳንቲም የሌላቸው ሰዎች ናቸው።

ሆኖም በተግባር ጠሪው ከመክፈል አላመለጠም። በዋሽንግተን አካባቢ በመኪና ማቆሚያ ተረኛ ሆኜ በምሠራባቸው ዓመታት፣ ሌሊት ዕረፍት ሳገኝ ቤተሰብ ጋ የምደውለው ግድግዳው ላይ ከተሰቀለው የሕዝብ ስልክ ነበር። ባለ 5 ዶላር ካርዱን ከቤት ስልክ ስደውልበትና ከዚያ ግድግዳ ስደውልበት የሚነገረኝ ደቂቃ አንድ አልነበረም። ካርዱን ገልብጬ መብራት ሥር ሳየው ከታች በኩል እጅግ በደቀቁ ፊደላት ከሕዝብ ስልክ ለሚደረግ ጥሪ ተጨማሪ ክፍያ እንደሚቆረጥ ተጽፏል። ያ ተቀናሽ የስልኩ ባለቤት ድርሻ ተብሎ የተወሰደ ነው። አሳቢው ሰው የሚጠይቀው የተወሰደው ገንዘብ በእርግጥ ባለቤቱ ጋ ደረሰ ወይ ብሎ ነው፤ ከታች የማነሣው አብዛኛው ክርክርም የሚያጠነጥነው በዚህ ላይ ነው። የካርድ ድርጅት ከጠሪው ቀንሶ ለባለቤቱ ሳይከፍል ቢቀር ጠሪውም ባለቤቱም ተበድለዋል፤ ሁለቱም ግን አንዱ ስለሌላው አያውቁም። ስለዚህ ጠሪው ላይ የሚጫን ክፍያ ከተፈቀደ፣ ድርጅቱ የቆረጠውንና ለባለቤቶች ያስተላለፈውን ጎን ለጎን እንዲያሳይ መገደድ ይኖርበታል።

የወር ቁርጥ ክፍያ

ሁለተኛው አማራጭ ጥሪ መቁጠርን ትቶ በአንድ ስልክ በወር ቁርጥ ገንዘብ መክፈል ነው። በ1996 ኮሚሽኑ የመቁጠሪያ ዘዴ እስኪዘጋጅ ድረስ ይህን ሞክሯል፤ በወር 131 ጥሪ በ35 ሳንቲም ተባዝቶ 45.85 ዶላር ሆነ። ከፋዮቹ ዓመታዊ የረጅም ርቀት ገቢያቸው ከ100 ሚሊዮን ዶላር በላይ የሆነ ኩባንያዎች ብቻ እንዲሆኑ፣ ድርሻቸውም በገቢያቸው ልክ እንዲሰላ ተደረገ። ፍርድ ቤቱ ትንንሾቹን ያለ ምክንያት ነጻ ማውጣት አግባብ አይደለም ብሎ አፈረሰው።

ለኢንተርኔት ጥሪ ይህ መንገድ አንድ ጥሩ ጎን አለው፤ የማይታየውን ጥሪ ለመቁጠር መድከም አያስፈልግም። ድክመቱ ግን እዚያው ነው። ድርሻው በረጅም ርቀት ገቢ ከተሰላ በኢንተርኔት የሚያስደውለው ድርጅት «የረጅም ርቀት ገቢ» የሚባል መዝገብ ስለሌለው ከስሌቱ ይወጣል፤ ሸክሙም በቀድሞዎቹ ኩባንያዎች ላይ ይወድቃል። ከዚህም በላይ ቀኑን ሙሉ ሰው ለማይለየው የአውቶቡስ መናኸሪያ ስልክና በወር አንዴ ለሚነሳ ስልክ እኩል መክፈል ፍትሐዊነቱ አጠራጣሪ ነው። ቁርጥ ክፍያ ለሽግግር ጊዜ ይበቃል፤ ለቋሚ ሥርዓት አልመርጠውም።

የመጀመሪያው ማዞሪያ ወይስ የመጨረሻው

ዋናው ፍልሚያ የተካሄደው እዚህ ነው። ክፍያው በየጥሪው ይሁን ከተባለ፣ በመንገዱ ላይ ካሉት ኩባንያዎች የትኛው ይክፈል?

በ2001 ኮሚሽኑ ጥሪውን ከአካባቢው ኩባንያ መጀመሪያ የተቀበለው የረጅም ርቀት ኩባንያ እንዲከፍል ወሰነ። ይህ ኩባንያ ለሁሉም ከፍሎ፣ ጥሪውን አከፋፍሎ ከሸጠላቸው ትንንሽ ድርጅቶች ገንዘቡን ያስመልሳል። የመጀመሪያዎቹ ኩባንያዎች ጥቂት፣ ትልቅና አድራሻቸው የታወቀ ስለነበሩ ባለቤቶች ውሳኔውን በደስታ ተቀበሉት። በተጨማሪም የአካባቢው ማዞሪያ ጥሪው ከሕዝብ ስልክ መሆኑን ለማሳወቅ ከጠሪው ቁጥር ፊት የሚያስቀምጣቸውን ሁለት አሃዞች፣ በአብዛኛው 27 ወይም 70፣ ሳይበላሹ የሚያገኘው የመጀመሪያው ኩባንያ ነው። የጎደለው ሌላ ነው፤ የመጀመሪያው ኩባንያ ጥሪውን ለሌላ ካስረከበ በኋላ አዲስ አበባ ያለው ሰው ስልኩን ያንሳው አያንሳው አያውቅም። ሕጉ የሚያዘው ለተሳካ ጥሪ እንጂ ለተሞከረ ጥሪ አይደለም። አንዳንዶቹ ኩባንያዎች ያስረከቡትን ሁሉ እንደተሳካ ቆጥረው ከትንንሾቹ ሲያስመልሱ፣ ትንንሾቹ ሰው ባላነሳው ጥሪ ተጠየቅን ብለው ጮኹ። በ2003 መጀመሪያ ፍርድ ቤት ውሳኔውን ሻረው፤ የሻረው ግን ኮሚሽኑ ለውጡን በአግባቡ አስቀድሞ አላሳወቀም በሚል የሥነ ሥርዓት ምክንያት ነው። የአሠራሩ ይዘት ስህተት ነው አልተባለም፤ ይህን ልዩነት ብዙ ጊዜ ሲዘነጋ አያለሁ።

በዚያው ዓመት ጥቅምት ኮሚሽኑ ተቃራኒውን ያዘ። ከሐምሌ 1 ቀን 2004 ጀምሮ ከፋዩ ጥሪውን የሚያጠናቅቀው፣ ማለትም የራሱ ማዞሪያ ያለው የመጨረሻው ኩባንያ ሆነ። ይህ ኩባንያ ስልኩ መነሳቱን በእርግጠኝነት ያውቃል፤ ከጠሪው ገንዘብ የተቀበለውም ብዙውን ጊዜ እርሱ ነው። ሆኖም የመጨረሻዎቹ ብዙ ናቸው፣ ትንንሽ ናቸው፤ ከእነርሱም መካከል ዛሬ ካርድ አሳትሞ ነገ ቢሮ የሚዘጋ አይጠፋም። ኮሚሽኑ ይህን ስጋት አውቆ ዙሪያውን አጠረው። ኩባንያው የጥሪ መቁጠሪያ ሥርዓቱን በገለልተኛ ኦዲተር እንዲያስመረምር፣ በየሩብ ዓመቱ ሪፖርት እንዲልክ፣ የፋይናንስ ኃላፊውም ክፍያው ትክክል መሆኑን በፊርማው እንዲያረጋግጥ ተደረገ። በመካከል ያሉት አስተላላፊዎችም ጥሪውን ለማን እንዳስረከቡ ለባለቤቶች ያሳውቃሉ። ማስረጃው ለ27 ወራት እንዲቀመጥ ተደነገገ። በ2007 ደግሞ የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት፣ ግሎባል ክሮሲንግ በተባለ የረጅም ርቀት ኩባንያና ሜትሮፎንስ በተባለ የሕዝብ ስልክ አቅራቢ መካከል በነበረው ክርክር፣ ያልተከፈለው አቅራቢ ኩባንያውን በፌዴራል ፍርድ ቤት መክሰስ እንደሚችል 7 ለ2 በሆነ ድምፅ ወሰነ። ይህ ውሳኔ ባይኖር ኖሮ ደንቡ ያለ ዳኛ የቀረ ሕግ ይሆን ነበር።

የገንዘቡን ስፋት በትንሽ ምሳሌ እንየው። አንድ ስልክ በወር 40 የካርድ ጥሪ ተደርጎበታል እንበል። ሁሉም ከተከፈለ 19.76 ዶላር ይሆናል። ግማሾቹ ወደ ኢንተርኔት ተሻግረው ከቆጠራው ቢጠፉ 9.88 ዶላር ይቀራል። ለትልቅ ኩባንያ ይህ ምንም ነው፤ 50 ስልክ ላለው ሰው ግን የጎደለው በወር 494 ዶላር ነውና ስልኮቹን ነቅሎ መሄድን ያስመርጣል።

ኢንተርኔቱ ያመጣው ቋጠሮ

የ2003ቱ ደንብ የተጻፈው «ኩባንያ» እና «ማዞሪያ» በሚሉ ቃላት ነው። ቃላቱ ሲመረጡ ማዞሪያ ማለት በአንድ ሕንጻ ውስጥ የተተከለ ትልቅ መሣሪያ ነበር። ዛሬ ግን ያው ሥራ በተከራዩት ኮምፒውተር ላይ በሚጫን ፕሮግራም ይሠራል። በኢንተርኔት የሚያስደውል ድርጅት «እኔ የመረጃ አገልግሎት ሰጪ እንጂ የቴሌኮም ኩባንያ አይደለሁም፤ ማዞሪያም የለኝም» ብሎ ሊከራከር ይችላል። ክርክሩ ከተሳካለት የመጨረሻው ከፋይ ከሰንሰለቱ ይወጣል፤ በፊቱ ያለው አስተላላፊም «እኔ መጨረሻ አይደለሁም» ይላል፤ ባለቤቱ በሁለቱ መካከል ባዶ እጁን ይቀራል።

የኮሚሽኑ ውሳኔዎች ለዚህ ክርክር በከፊል መልስ ሰጥተዋል። በየካቲት 2004 ከኮምፒውተር ወደ ኮምፒውተር በነጻ የሚደረግ የድምፅ ግንኙነት የመረጃ አገልግሎት ነው አለ። በሚያዝያ 2004 ግን ከተራ ስልክ ተነስቶ በተራ ስልክ የሚያበቃ፣ መሃሉን ብቻ በኢንተርኔት ቴክኖሎጂ የሚሻገር ጥሪ የቴሌኮሙኒኬሽን አገልግሎት ነው ብሎ ወሰነ። በ2006 መሃሉን በኢንተርኔት የሚያሻግሩ የቅድመ ክፍያ ካርዶችን እዚያው መደብ ውስጥ አስገባቸው። በ2011 ደግሞ በኢንተርኔትና በተራው የስልክ መረብ መካከል የሚያልፍ ጥሪ በኩባንያዎች መካከል ከሚደረገው ክፍያ ነጻ እንዳልሆነ አስታወቀ። የመኪና ማቆሚያው ግድግዳ ላይ የነበረው ጥሪዬ በዚህ መለኪያ በሁለቱም ጫፍ ተራ ስልክ ነው፤ መሃሉ በኢንተርኔት ስለተሻገረ ባሕርዩ አልተለወጠም።

አስቸጋሪው ተቀባዩ ጥሪውን በስልኩ መተግበሪያ ሲያነሳው ነው። ያን ጊዜ ጥሪው ወደ ተራው መረብ አይመለስም። እኔ ጉዳዩን የማየው ከመንገድ ዳሩ ስልክ በኩል ነው፤ ቀፎው ተይዟል፣ ሌላ ሰው ሊጠቀምበት አልቻለም፣ ሁለት ሰዎች ተነጋግረዋል። ሕጉ የሚለው «ለእያንዳንዱ የተሳካ ጥሪ» ነውና መጨረሻው መተግበሪያ መሆኑ የባለቤቱን መብት ሊሰርዘው አይገባም።

ሁለተኛው ቋጠሮ ቴክኒካዊ ነው። ከላይ የጠቀስኳቸው ሁለት አሃዞች በተራው መረብ ላይ ከጠሪው ቁጥር ጋር አብረው ይጓዛሉ። ጥሪው መግቢያ በር ላይ ወደ ዳታ ሲለወጥ የጠሪው ቁጥር ብዙውን ጊዜ ይተላለፋል፤ ሁለቱ አሃዞች ግን መሣሪያውን ያስተካከለው ባለሙያ ሆን ብሎ ቦታ ካልሠራላቸው በቀር ይቀራሉ። ከበሩ ወዲያ ያለው ድርጅት ታዲያ የመጣለት ጥሪ ከቤት ይሁን ከመንገድ ዳር አይለይም። «አላወቅሁም» ሲል እውነቱን ሊሆን ይችላል፤ እንዳያውቅ የሚያደርገውን ነገር ግን ሌላ ሰው በጥቂት ሥራ ሊያስተካክለው ይችል ነበር።

እኔ የምመርጠው ከዚህ ይነሳል። መጀመሪያው ወይስ መጨረሻው ከሚለው ክርክር ይልቅ ጥሪው ከተራው መረብ ወደ ኢንተርኔት የሚወጣበትን በር መፈለግ ይሻላል። በሩ ላይ የቆመው ኩባንያ ሁለቱን አሃዞች ያያል፤ ጥሪውን ለማን እንደሰጠም ያውቃል፤ ፈቃድ ያለውና አድራሻው የታወቀ ነው። መነሻ ግዴታው እርሱ ላይ ይሁን። ከበሩ ወዲያ ያለው ድርጅት ስሙን አስመዝግቦ፣ መልስ ያገኙትን ጥሪዎች ቆጥሮ እንደሚከፍል በጽሑፍ ግዴታ ከገባ የበሩ ኩባንያ ይለቀቃል፤ ካልገባ የበሩ ኩባንያ ከፍሎ በውሉ መሠረት ያስመልሳል። በዚህ መንገድ መነሳቱን የሚያውቀው ይቆጥራል፣ ሊገኝ የሚችለው ደግሞ ዋስ ይሆናል። የዚህ ሐሳብ ደካማ ጎን የበሩ ኩባንያ ስጋቱን በዋጋ ላይ ጨምሮ ትንንሾቹን ሊያስወጣ መቻሉ ነው፤ ስለዚህ የሚጠይቀው መያዣ ከተመዘገበው የጥሪ ብዛት ጋር እንዲመጣጠን ደንቡ ወሰን ሊያበጅለት ይገባል።

በውል መስማማት

የአሜሪካ ደንብ ባለቤቶችና ኩባንያዎች ተስማምተው ሌላ አከፋፈል እንዲመርጡ ይፈቅዳል። ለምሳሌ መነሳቱን ከማረጋገጥ ይልቅ ከተወሰነ ሰኮንድ በላይ የቆየ ጥሪ ሁሉ እንደተሳካ ይቆጠር ብለው ሊስማሙ ይችላሉ፤ ለኢንተርኔት ጥሪ ይህ እጅግ ምቹ ነው። ነገር ግን ውል የሚሠራው ከበስተኋላው የደንብ ክፍያ ቆሞ ሲጠብቅ ብቻ ነው፤ አለበለዚያ መዝጋት የማይችለው ባለቤት የሚደራደርበት የለውም። ብዙ ባለቤቶችን ወክሎ የሚሰበስብ ማኅበር ከሌለም ጥቂት ስልክ ያለው ሰው ከእያንዳንዱ የካርድ ድርጅት ጋር ውል መፈራረም አይችልም።

ማገድ፣ ወይም ከሕዝብ ገንዘብ መክፈል

አንዳንድ አገሮች ጥያቄው እንዳይነሳ አድርገውታል። ኢትዮጵያ በአዋጅ ቁጥር 281/2002፣ በእኛ አቆጣጠር በ1994 ዓ.ም.፣ በኢንተርኔት የድምፅ ግንኙነት መስጠትንና መጠቀምን ከልክላ ነበር። ስልኩም፣ መስመሩም፣ ማዞሪያውም የአንድ የመንግሥት ድርጅት ስለነበሩ ክፍያ ከአንዱ ኪስ ወደ ሌላው ከመዛወር አያልፍም ነበር። እገዳ ገቢን ይጠብቃል፤ ከውጭ ለሚደውል ዘመድ ግን ዋጋውን ውድ ያደርገዋል። ብዙ ባለቤት ባለበት ገበያ እንደ አማራጭ ልቆጥረው አልችልም።

የሕዝብ ገንዘብ ግን በቁም ነገር መታየት አለበት። የ1996ቱ የአሜሪካ ሕግ ራሱ፣ ገበያው የማይደርስባቸው ቦታዎች ላይ ለሕዝብ ጤናና ደኅንነት የሚያስፈልጉ ስልኮች እንዲኖሩ በር ከፍቷል። አውስትራሊያ ርቃ ሄዳለች፤ በነሐሴ 2021 የአገሪቱ ትልቁ የስልክ ኩባንያ ቴልስትራ 15,000 ገደማ በሆኑት የሕዝብ ስልኮቹ ላይ የአገር ውስጥ ጥሪን ነጻ አደረገ። ኒው ዮርክም የመጨረሻውን የከተማዋን የሕዝብ ስልክ በግንቦት 2022 ስትነቅል፣ ከ2016 ጀምሮ ባቆመቻቸው የመንገድ ዳር ማማዎች በኢንተርኔት ነጻ የአገር ውስጥ ጥሪ ትሰጥ ነበር። በብሪታንያ ተቆጣጣሪው ኦፍኮም በ2021 ይፋ ባደረገው መሠረት፣ ከግንቦት 2019 እስከ ግንቦት 2020 ባለው ጊዜ ከመንገድ ዳር የስልክ ሳጥኖች 150,000 ያህል የድንገተኛ አደጋ ጥሪ ተደርጓል። እንዲህ ያለው ጥሪ ለባለቤቱ ምንም አያስገባም፤ የስልኩ ዋጋ ግን ከሁሉ ይልቅ የሚታየው በዚያች ደቂቃ ነው። ስለዚህ በየጥሪው ክፍያ ብቻ የሚተዳደር ሥርዓት እጅግ የሚያስፈልጉትን ስልኮች ቀድሞ ያጣል።

የትኛው ለየትኛው

ብዙ የግል ባለቤቶች ባሉበትና የካርድ ጥሪ ገና በሚበዛበት ገበያ፣ በየጥሪው የሚከፈልና የበሩን ኩባንያ ዋስ የሚያደርግ ደንብ ይሻላል። ደንቡ «ኩባንያ» ወይም «ማዞሪያ» በሚሉት ቃላት ላይ ብቻ መቆም የለበትም፤ ነጻ ቁጥሩን የያዘ ወይም ለጠሪው ጥሪውን የሸጠ ማንም ሰው፣ የሚጠቀመው ቴክኖሎጂ ምንም ይሁን ምን፣ ከፋይ እንደሆነ በግልጽ መጻፍ አለበት። ስልኮቹ በተመናመኑበት ቦታ ደግሞ ሚዛኑ ይለወጣል። በአሜሪካ በ1999 ከ2 ሚሊዮን በላይ የነበሩት የሕዝብ ስልኮች በ2016 ከ100 ሺህ በታች ወርደዋል፤ ኮሚሽኑም በ2018 ለመቁጠሪያ ሥርዓቱ የሚደረገውን ዓመታዊ ኦዲት አስቀርቷል። ኦዲቱ ከሚያስከፍለው የሚያስገኘው ሲያንስ ማስቀረቱ ያስኬዳል፤ ሆኖም ከኦዲቱ ጋር ማስረጃ የማስቀመጥ ግዴታ አብሮ እንዳይሄድ መጠንቀቅ ይገባል። እዚህ ደረጃ ላይ የደረሰ አገር በየጥሪው ክፍያን እየቀነሰ፣ በሆስፒታል፣ በመናኸሪያና የሞባይል መረብ በማይደርስበት ገጠር ያሉትን ስልኮች ለይቶ ከጋራ ፈንድ ቢደግፋቸው የተሻለ ነው።

የየጥሪው ክፍያ ከፍ ሲል የሚመጣውን ተንኮልም ማሰብ ያስፈልጋል። በአሜሪካ ስልኮቻቸው በራሳቸው ነጻ ቁጥሮችን እየደወሉ ክፍያ እንዲያስቆጥሩ ያደረጉ ባለቤቶች ተከሰዋል። ስለዚህ ቁጥጥሩ በከፋዩ ላይ ብቻ ሳይሆን በተቀባዩም ላይ መሆን አለበት፤ ከአንድ ስልክ በየጥቂት ሰኮንዱ ወደ ነጻ ቁጥር የሚደወል ጥሪ ከሰው ጣት የመጣ ሊሆን አይችልም።

ደንቡን የሚያረቅቅ ባለሙያ ዋጋውን ከመቁረጡ በፊት አንድ ሙከራ እንዲያደርግ እመክራለሁ። ከአንድ የመንገድ ዳር ስልክ በሦስት የተለያዩ ካርዶች ይደውል፤ የደወለበትን ሰዓት በደቂቃና በሰኮንድ ይጻፍ፤ ከዚያም በመንገዱ ላይ ካለው እያንዳንዱ ድርጅት የዚያን ጥሪ መዝገብ ይጠይቅ። 27 ወይም 70 የሚሉት አሃዞች በየትኛው መዝገብ ላይ እንዳሉና በየትኛው ላይ እንደጠፉ ሲያይ፣ ግዴታውን በማን ላይ መጻፍ እንዳለበት ከፊቱ ተዘርግቶ ያገኘዋል።